የማይደርቅ ቀለም

“ጠብቀው፣ ይደርቃል” የሚሉ ሰዎች ትዕግሥታቸው ያስቀናኛል፤ ምክራቸው ግን ለዚህ ጉዳይ አይሠራም። የእህቴ ልጅ ምክሩን ሰምቶ ከግንቦት ጀምሮ ጠብቋል። አሻንጉሊቱን፣ ያንን ካባ ለባሽ ጀግናውን፣ ከመኪና ቀለም ሱቅ በገዛው ጥቁር ስፕሬይ ቀባው፤ በረንዳ ላይ አሰጣው፤ ፀሐይ አሞቀው። ነሐሴ ገብቷል፤ ጀግናው ዛሬም ጣት ይይዛል። “ጋሼ፣ ቀለሙ የተበላሸ ነው አይደል?” ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ።

ከመብራት ሥር አገላበጥሁት። ደረቱና ጭኑ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ ላይ ቀለሙ በጥፍር ቢፋቅ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ጭንቅላቱ፣ እጆቹና ካባው ግን ሲጫኗቸው የሚታጠፉ ለስላሳ ናቸው። ጉንጩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ታትሟል፤ ካባው የምንጣፍ ብናኝ ለብሷል። ቆርቆሮው አንድ፣ ቀቢው አንድ፣ ቀኑም አንድ። ቀለሙ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ደረቱም በተጣበቀ ነበር።

ለስላሳው ክፍል በአብዛኛው ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በባሕርዩ ግትር ነው፤ የውኃ ቱቦ የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። እንዲታጠፍ የሚያደርገው ፕላስቲሳይዘር የተባለ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ይህን መላ ያገኘው አሜሪካዊው ኬሚስት ዋልዶ ሴሞን ሲሆን፣ በ1926 እ.ኤ.አ. በጉድሪች ኩባንያ ጎማን ከብረት ጋር የሚያያይዝ ነገር ሲፈልግ ነበር የደረሰበት። ማጣበቂያ ፍለጋ የወጣ ሰው ሥራ ይኸው ዛሬም የልጅ ጣት ያጣብቃል።

ችግሩ ዘይቱ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል አለመተሳሰሩ ነው። መሃል ገብቶ ተቀምጧል እንጂ አልተጋባም፤ መውጫ ካገኘ ይወጣል። መውጫውን ደግሞ ስፕሬዩ ራሱ ይከፍትለታል። እንደ አሴቶንና ቶሉይን ያሉት ማሟሟያዎች የፕላስቲኩን ገጽ ያለሰልሱታል፤ ዘይቱም ወደ ቀለሙ ይሻገራል። ፕላስቲኩን ያለሰለሰ ዘይት ቀለሙንም ያለሰልሰዋል። ዘይት በጠጣ ወረቀት ላይ እንደመጻፍ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ የዘይቱን ጉዞ ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም። ጎረቤቶቻችን በክረምቱ ያመካኛሉ፤ ክረምት የራሱ በደል አለው፣ እርጥበቱ አንዳንድ ቀለም ላይ ነጭ ጉም ያለብሳል። ከግንቦት ጀምሮ ላልደረቀ ቀለም ግን ሐምሌን መክሰስ ግፍ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2005፣ አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. ፍታሌት ከሚባሉት ማለስለሻዎች አንዳንዶቹ በአሻንጉሊት ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ በሕግ ወስነዋል፤ ይህ ለጤና ሲባል ነው። ለቀቢ የሚፈይደው ነገር የለም፤ የተተኩት ማለስለሻዎችም ይሻገራሉ። ከምን እንደተሠራ ምንም ያልተጻፈበት የገበያ አሻንጉሊት ሲሆን ደግሞ በጣት ተጭኖ ከመፈተን ሌላ ምርጫ የለም።

እናም ነገ ጭንቅላቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ፒቪሲ ሲሞቅ ይላላል፤ አንገቱ ሳይሰበር ይነቀላል። የሚያጣብቀውን ቀለም በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልሁ አነሣዋለሁ። አሴቶን ያለበትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አላስጠጋም፤ ቀለሙን ሲያነሣ አፍንጫውንም ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ አዲስ አሻንጉሊት እንኳ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ይላጣል።

ሲደርቅ ለስላሳውን ክፍል በውኃ በሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም፣ በብሩሽ እቀባዋለሁ። አክሪሊክ ፕላስቲኩን አይበላም፤ ዘይቱንም እንደዚያ አይጠራውም። የመጀመሪያው ሽፋን ስስ ስለሚሆን ከሥር ያለው ጥቁር እድፍ ያሳያል፤ ያሳይ። አንድ ወፍራም ሽፋን የዓይንና የከንፈሩን ቅርጽ ይደፍናል፤ ስስ በስሱ ሲደራረብ ግን ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይታያል። ክርንና ጉልበቱ መጋጠሚያ ላይ በጣም እቆጥባለሁ፤ እዚያ የወፈረ ቀለም ሲታጠፍ ይላጣል። መጨረሻ ላይ የማያብረቀርቅ፣ እሱም በውኃ የተሠራ ቫርኒሽ።

ልጁ ስፕሬዩን አልተወውም፤ ጩኸቱን ነው መሰለኝ የሚወደው። አልከለክለውም። የጀግናውን ደረትና ጭን እደጅ ወጥቶ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ይንፋ። ለስላሳ አካል ላይ መሞከር ከፈለገ ደግሞ የአሻንጉሊቱ ጫማ ሶል አለለት፤ እዚያ ነፍቶ ሳምንት ይጠብቅ፣ ከዚያ ይንካው። አሻንጉሊት አፉ ውስጥ ለሚከትት ለታናሽ ወንድሙ ግን አንዳቸውንም አልቀባለትም።

የቀረን ካባው ነው። በጣም ስለሚተጣጠፍ የትኛውም ቀለም ሳይሰነጠቅ አይቆይበትም። እኔ በቁራጭ ጥቁር ከፋይ እንተካው እላለሁ፤ እሱ ጀግና ልብስ ስፌት ቤት አይሄድም ብሎ ተቆጥቷል።