ዶላር የተወለደበት ሸለቆ

ቼክ አገር የሄደ ሰው ፕራግን ያያል፣ ጊዜ ከተረፈው ካርሎቪ ቫሪ ወርዶ ፍል ውሃውን ይቀምስና ይመለሳል። እኔ ከካርሎቪ ቫሪ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀርመን ድንበር የሚወጣውን አውቶቡስ ያዝኩ። ያኺሞቭ የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ልሄድ ነው። የወሰደኝም አንድ ቃል ነው፤ ዶላር።

ቼክኛን የማጠናው ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ፣ በአንድ በኩል የነሱን ቃል በሌላው የእንግሊዝኛውን እየጻፍኩ ነበር። ጥቂት ስሄድ ለአማርኛውም ሦስተኛ ረድፍ አሰመርኩ፤ እንግሊዝኛው ሁልጊዜ አያደርስም። ለምሳሌ የሱቅ በር ላይ «ሴም» ወይም «ታም» ተብሎ ይለጠፋል። እንግሊዝኛው «ሳብ» እና «ግፋ» ብሎ ይፈታዋል፤ በሩ ግን የሚለው «ወዲህ» እና «ወዲያ» ነው። «ሮቦት» ደግሞ እንግሊዝኛው ራሱ ከቼክኛ የወሰደው ነው። ደራሲው ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ቴአትር ነው ዓለም የሰማው፤ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። ምንጩ «ሮቦታ» ነው፤ ገበሬ ለባላባቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ። እኛ አገር ሁዳድ ያረሰ ሰው ትርጉሙን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። በዚያ አገር የቀረው በ1848 ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሻንጣ ያዘለ እንግሊዛዊ ተቀምጧል። አንድ ፌርማታ ላይ ሹፌሩን «ያኺሞቭ?» ሲለው ሹፌሩ «ኖ» አለው። ሰውየው አይደለም የተባለ መስሎት ተመልሶ ሊቀመጥ ሲል አንዲት አሮጊት ክንዱን ያዝ አድርገው፣ ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቁ «ኖ፣ ኖ!» አሉት። ቼኮች «አዎ» ሲሉ «አኖ» ነው፤ በተራ ወሬ «ኖ» ብለው ያሳጥሩታል። እንግሊዛዊው ግራ እንደተጋባ ከእኔ ጋር ወረደ።

ቋንቋቸው ከባድ ነው ይባላል። አናባቢ የሌለበት ዓረፍተ ነገር አለን ብለው እንግዳ የሚያስፈራሩበት አባባል አላቸው፤ ጣትህን በጉሮሮህ አሳልፍ እንደ ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲያዩት የተነባቢ ክምር ነው። በእኛ ሲጻፍ ግን «ስትርች ፕርስት ስክርዝ ክርክ» ይሆናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳድስ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ፊደላችንን ያቃተው «ር»ን እና «ዥ»ን በአንድ ትንፋሽ የሚያወጡት ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ደግሞ ብር ለሚባለው ማዕድን ባላቸው ስም መሐል ተቀምጧል።

ያኺሞቭ አንድ ረጅም ዳገት ናት። ግራና ቀኙ ጫካ ነው፣ በመሐል አንድ ዋና መንገድ፣ መንገዱ ዳር አንዳንዱ የታደሰ አንዳንዱ መስኮቱ የታሸገ ቤት። ብር የተገኘው በ1516 አካባቢ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ነዋሪዋ 18,000 ገደማ ደርሶ ከፕራግ ቀጥላ ቦሔሚያ የሚባለው የቼኮች የድሮ መንግሥት ሁለተኛ ከተማ ሆነች። ዛሬ ሦስት ሺህ ሰው አይሞላትም። በጀርመንኛ ስሟ ዛንክት ዮአኺምስታል ነበር፤ የቅዱስ ኢያቄም ሸለቆ ማለት ነው። ኢያቄም ወሐና ከምንላቸው ከእመቤታችን ወላጆች አባትየው ናቸው። ዳገቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያንም በስማቸው ነው።

ሽሊክ የሚባሉት መሳፍንት ከዚህ ብር ትልቅ ሳንቲም አስመቱ፤ ሰውም «ዮአኺምስታለር» አለው። ስሙ ረዘመና «ታለር» ተባለ። ኢያቄም ተቆርጠው ቀሩ፣ ዓለምን የዞረው «ሸለቆ» የሚለው ጭራ ነው። ቼኮች «ቶላር»፣ ሆላንዶች «ዳልደር»፣ እንግሊዞች «ዶላር» አሉት፤ አሜሪካኖች በ1792 በሕግ የገንዘባቸው መለኪያ አደረጉት።

የድሮው ሳንቲም መምቻ ቤት አሁን ሙዚየም ነው። ጠባቂዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ እንግሊዝኛ ብዙም የላቸውም። ስልኬን አውጥቼ የአያቴን ማርትሬዛ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ለአንገት ማተብ እንዲሆን ጆሮ የተበየደለት፣ ፊቱ በመዳበስ የለሰለሰ ጠገራ ብር። በሁለት ጣታቸው አጎሉትና የንግሥቲቱን ደረት ላይ ያለውን ጌጥ አዩ። እኛም አገር ነጋዴው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው የዚያን ጌጥ ሉሎች አይቶ ነበር። «ማሪዬ ቴሬዚዬ!» አሉ፤ «ቶላር!» የኦስትሪያ ናት ብለን የምናውቃት ሴት በ1743 ፕራግ ላይ የቦሔሚያ ንግሥት ሆና ዘውድ የጫነች ናት። ሳንቲሟ ላይ ያለው 1780 የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዘመናት ሲመታም ቀኑ አልተለወጠም።

እናንተ ምን ትሉታላችሁ ብለው በምልክት ጠየቁኝ። «ብር» አልኩና መስታወቱ ውስጥ ያለውን ማዕድን አሳየሁ፤ ለእኛ ብረቱም ገንዘቡም አንድ ስም ነው። ሦስተኛው ረድፌ ላይ ከሁሉ የጸና ቃል ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የኢትዮጵያ ባንክ ኖት ላይ በፈረንሳይኛ «ታለር» ይል ነበር፣ ከ1945 ጀምሮ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ሆነ፣ እንግሊዝኛው «ብር» ማለት የጀመረው በ1976 ነው። አማርኛው ግን ዞር አላለም።

ስለ ከተማዋ ሌላው ታሪክ አጠር ላድርግ፤ እንደ ብሩ አያስደስትም። ማሪ ኩሪ በ1898 ከባሏ ጋር ራዲየም የሚባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያገኘችው ከዚህ በመጣ ማዕድን ነው። ከ1948 በኋላ ደግሞ የፖለቲካ እስረኞች ለሶቭየት ኅብረት ዩራኒየም ይቆፍሩ ነበር፤ ካምፖቹ የነበሩበትን የእግር መንገድ ዛሬ የያኺሞቭ ሲኦል ይሉታል። «ስቮርኖስት»፣ ማለትም ስምምነት፣ የሚባለው ጉድጓድ ከ1518 ጀምሮ አለ። አሁን የሚወጣው ብር አይደለም፤ ሬዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ ያለበት ውሃ ነው፣ መገጣጠሚያ የሚያማቸው ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ይነከሩበታል። ፍል ውሃ እንደሚወርዱት የእኛ አዛውንቶች ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲያልፉ አየሁ።

ማታ ካርሎቪ ቫሪ ተመልሼ ገንዘብ ልመንዝር ስገባ ሰሌዳው ላይ በቼክኛ «ዶላር» ተጽፏል። «ቶላር» ሆኖ የወጣው ቃል ባሕር ማዶ ከርሞ በ«ዶ» ተመልሷል፤ ቼክኛ አሁን ሁለቱንም ይይዛል፣ አንዱን ለሙዚየም አንዱን ለምንዛሪ። ብር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዩሮዬን በኮሩና ለውጬ ለፕራግ ቲኬት ቆረጥኩ።