አሳቲግ ደሴት ላይ ሦስት ሌሊት፦ ነፋሱ፣ ዝንቡና ሸርጣኑ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ እኔና ባለቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አሳቲግ ደሴት ሦስት ሌሊት አደርን። ደሴቷ በአትላንቲክ ዳር ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ የተዘረጋች፣ 37 ማይል የምትረዝም የአሸዋ ቅጥያ ናት። እኛ የነበርነው በሜሪላንዱ ጫፍ ነው። ሰዓቱን የምጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በሚያሻግረው ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድልድዩን ለመሻገር መሞከር የዕረፍቱን ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ መጨረስ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ 5:30 ወጣን፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ ደሴቷ ደረስን። ድልድዩ ላይ ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ ኢዚ ፓስ የሚባለው፣ መኪናው ላይ ተለጥፎ ክፍያውን በራሱ የሚቆርጠው መሣሪያ የሌለው ሰው ታርጋው ፎቶ ይነሳና ሂሳቡ በፖስታ ይመጣለታል፣ ያውም ጨምሮ። የደሴቷ መግቢያ ለአንድ መኪና 25 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን ያገለግላል። የድንኳን ቦታው ግን ለብቻ ይከፈላል፤ ምዝገባው ከ6 ወር በፊት ስለሚከፈት የሐምሌ ቅዳሜና እሁድ የሚፈልግ ሰው በጥር ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ አለበት።

አሳቲግ ላይ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ነፋሱ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ ሲመጣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ አሸዋው ላይ መተኛትም ደስ ይላል። ዞሮ ከምዕራብ ሲነፍስ ግን ከደሴቷ ጀርባ ያለው ጨዋማ ረግረግ ያራባውን ዝንብ እየጠረገ ወደ ባሕር ዳር ያመጣዋል። ዝንቡ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይኑ አረንጓዴ የሆነ ትልቅ ዝንብ ነው፤ ቆዳ ቆርጦ ደም ይመጥጣል። ሁለተኛው የቤት ዝንብ ይመስላል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፍና በካልሲ ላይ እንኳ ይነክሳል። ለትንኝ የሚቀባው መድኃኒት ለዝንቡ እምብዛም አይረዳም። የሚያድነው ነጣ ያለና ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ከዚያም ቦታ መቀየር ነው። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስትመለከቱ ከሙቀቱ በፊት የነፋሱን አቅጣጫ በየሰዓቱ አንብቡ። «ምዕራብ» ሲል ነፋሱ የሚመጣበትን እንጂ የሚሄድበትን እንደማይናገር አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የደሴቷ የዱር ፈረሶችም ይህን ያውቃሉ። ረግረጉ ውስጥ ዝንቡ ሲበረታባቸው ወጥተው ውኃው ጠርዝ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኙበት ቦታ ተሰልፈው ይቆማሉ። ያን ማየት ብቻውን የመንገዱን ድካም ይክሳል። በሜሪላንዱ በኩል መንጋው ከ80 እስከ 100 እንዲሆን ይደረጋል፤ ለዚህም ሲያስፈልግ ለባዝራዎቹ የወሊድ መከላከያ ክትባት ይሰጣል። ከፈረሶቹ ቢያንስ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። ይራገጣሉ፣ ይናከሳሉ። ምግብ የለመደ ፈረስ አስፋልት ላይ መኪና እየጠበቀ ይገጫል፤ ስለዚህ አንዲት ካሮት እንኳ አትስጡ። የበረዶ ሳጥንም ከድንኳን ውጭ አይተውም፤ በጥርሳቸው ይከፍቱታል። መኪና ውስጥ ቆልፉበት።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ከድንኳን ጋር የሚሸጠው አጭር ካስማ ለአፈር የተሠራ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ከቅቤ እንደሚወጣ ቢላዋ ይሾልካል። እኩለ ሌሊት ላይ ነፋሱ ሲበረታ ሁለቱ ማዕዘኖች ተነቅለው ሸራው ፊታችን ላይ ይመታ ጀመር። ከጎናችን የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ የእጅ ባትሪ ይዘው መጡና ሳይጠየቁ ሥራውን ያዙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የገበያ ፌስታል በአሸዋ ትሞላለህ፣ አፉን በገመዱ ጫፍ ታስራለህ፣ ክንድህ እስኪገባ ድረስ ጉድጓድ ቆፍረህ ትቀብረዋለህ፣ በላዩ አሸዋ መልሰህ በእግርህ ትጠቀጥቀዋለህ። ገመዱ ከመሬት ጋር ዝቅ ብሎ ይውጣ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ፌስታሉን ይነቅለዋል። አራት ፌስታል ቀበርን፤ ከዚያ በኋላ እስክንሄድ ድረስ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ሰውዬው ቡና እናፍላልዎ ብንላቸው «ነገ ጠዋት» ብለው ሄዱ፤ በማግስቱም መጥተው ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተው ተነሱ። ለቡናው፣ የጋዝ ምድጃው ሦስት ጎን ካልተከለለ ውኃው እንደማይፈላ ልናገር። እኛ የመኪናውን የፀሐይ መከላከያ አጥፈን አቆምንለት።

ዓርብ ነፋሱ ዞሮ ከምዕራብ ይነፍስ ጀመር። ባሕር ዳር መቀመጥ ስላልተቻለ ወደ መዝናኛዋ የባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ኦሽን ሲቲ ሄድን፤ ከደሴቷ ወደ ሰሜን ብዙም አይርቅም። ሁለቱ ድሮ የተያያዘ መሬት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የመጣው አውሎ ነፋስ ነው መሐላቸውን ቆርጦ ያለያያቸው። ቦርድዎክ በሚሉት የባሕር ዳር የእንጨት መንገድ ላይ ብስክሌት ለመንዳት ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል፤ በሰመር ከቀትር በኋላ አይፈቀድም። ከድንች ጥብሱ ጋር የሚሰጠው ኮምጣጤ ነው፤ ቀምሳችሁ ፍረዱ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ካቻፕ አላማረኝም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሸርጣን ነበር፣ እዚህ ክራብ የሚሉት። ባለቤቴ አትበላም፤ በእኛ እምነት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት አይበላም ብላ ያደገች ናት። ለእሷ ሁለቱም ያለው ፍላውንደር የተባለ ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፤ በሎሚና በቅቤ የተጠበሰው ከሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ጋር ይወዳደራል ስትል ሰምቻታለሁ፣ ይህን በቀላሉ የምትለው ነገር አይደለም። እኔ ደርዘን ሸርጣን «ትልቁን» አዝዤ 110 ዶላር ከፈልኩ፤ ከ12ቱ አራቱ ባዶ ነበሩ። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ሸርጣን ሲያድግ ጠንካራውን የውጭ ልባሱን ይጥላል፤ አዲሱ ልባስ ሰፊ ነው፣ ሥጋው ግን ገና አልሞላውም። ስለዚህ በስፋት እየለካ የሚሸጥ ሰው አየርም ይሸጣል። ሆዱ ንጹሕ ነጭ ሆኖ የሚያበራው አዲስ የለወጠ ነው፤ ሆዱ የዛገ፣ የቆሸሸ የሚመስለውን ምረጡ፣ እሱ ከባድ ነው። ከመቀቀሉ በፊት አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ወንዱ የሆዱ ክዳን ጠባብና ረጅም ነው፣ የዋሽንግተንን ሐውልት ይመስላል፤ ያደገች ሴት ክዳኗ እንደ ካፒቶል ጉልላት ሰፊ ነው። ሥጋ የሚፈለገው ከወንዱ ነው።

ቤት ውስጥ ለሚሠራው፦ ሸርጣኑ በሕይወት ያለ መሆን አለበት፤ የሞተ ይጣላል። ድስት ውስጥ ግማሽ ኮምጣጤ ግማሽ ውኃ ሁለት ጣት ያህል ታደርጋላችሁ፣ ሸርጣኑ ውኃውን እንዳይነካ ወንፊት ላይ ትደረድራላችሁ፣ በየረድፉ ኦልድ ቤይ ቅመም ሳትሰስቱ ትነሰንሳላችሁ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በእንፋሎት። ሲበላ የሆዱን ክዳን በቢላ ጫፍ አንስቶ፣ ጀርባውን ገንጥሎ፣ ግራና ቀኝ ያለውን ግራጫ ስንጥብ ጠርጎ መጣል ነው፤ ስንጥቡ አይበላም። ከዚያ ለሁለት ይሰበርና የመጨረሻው ጠፍጣፋ እግር ቀስ ተብሎ ሲሳብ ትልቁ ሥጋ ተከትሎ ይወጣል። መዶሻው ለመቆንጠጫው ብቻ ነው፤ አካሉን የሚመታ ሰው ሥጋና ስባሪ አደባልቆ ይበላል።

ቅዳሜ ነፋሱ ከምሥራቅ ተመለሰ፤ ቀኑን ሙሉ ባሕር ዳር ዋልን። ዝንቡ ሲጠፋ ግን ማዕበሉ ያይላል። ላንጋኖ ለለመደ ሰው ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ላንጋኖ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይህ ይስባል። ሪፕ ከረንት የሚሉት ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከዳር ሆኖ ሲታይ ማዕበል የማይሰበርበት፣ የተረጋጋና ጠቆር ያለ መተላለፊያ ይመስላል፤ ያልለመደ ሰው «እዚህ ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያው ላይ ነው። የያዘው ሰው በቀጥታ ወደ ዳር ቢታገል ደክሞ ይሰምጣል። ከባሕር ዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ ከወጣ በኋላ ነው ወደ አሸዋው የሚመለሰው፤ ካልቻለ ተንሳፍፎ እጁን ያውለብልብ። ዳር ላይ ዘጭ ብሎ የሚሰበረው ማዕበልም አንገት ይሰብራል፤ በጭንቅላት ተወርውሮ መግባት አይገባም። ከእኛ ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነንና ጠባቂ በሌለበት ቦታና ሰዓት ከጉልበት በላይ አትግቡ። ይህን ለእንግዶቻችን ሁሉ እንናገራለን፣ ዘመድም ቢቀየመን።

አመሻሽ ላይ በደሴቷ ጀርባ፣ ጸጥ ባለው ውኃ ካያክ ቀዘፍን። ውኃው ጥልቅ አይደለም፤ ባሕሩ ሲጎድል ጀልባዋ ጭቃ ላይ ትቀመጣለች፣ ስለዚህ ሲሞላ መውጣት ነው። የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። አሮጌ ጫማ አድርጉ፤ ስለታም ዛጎል አለ።

እሁድ 9 ሰዓት ላይ ድንኳኑን ነቀልን፤ ከቀትር በኋላ ድልድዩ ወደ ዲሲ በሚመለስ መኪና ይጨናነቃል። መንገድ ዳር ካለ ገበሬ ደርዘን የበቆሎ እሸት ገዛን። የእነሱ በቆሎ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እንደኛው ፍም ላይ ሲጠበስ ቶሎ ያርራል፤ ሽፋኑ ሳይላጥ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ከፍሙ ራቅ አድርጎ እያገላበጡ መጥበስ ነው የሚሻለው።