ድንጋይ ላይ የበቀለች አበባ

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር አውራጃ ውስጥ ስንዞር ዋልን። ጠዋት የሞኸር ገደሎች ጋ ነበርን። ከፍታቸው እስከ 214 ሜትር ይደርሳል። ነፋሱ አያስወራም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዝም ብለን ውቅያኖሱን አየን።

ልቤን የወሰደው ግን በረን የሚባለው ቦታ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ዓይን እስኪደክም ድረስ ግራጫ የኖራ ድንጋይ። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የሚበቅልበት አይመስልም። ባለቤቴ ድንገት ተንበርክኮ "ነይ፣ ነይ እዪ!" አለኝ። ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ አውራ ጣት የማታክል ደማቅ ሰማያዊ አበባ! ጄንሺያን ይሏታል። ዝናቡ ድንጋዩን እየሸረሸረ ስንጥቁን ሠራ፣ ስንጥቁ ደግሞ አፈር ያዘላት።

ፖልናብሮን ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ መቃብር ነው፤ በቋሚ ድንጋዮች ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ጣራ ተጭኖበታል። አንድ ጃኬት ለሁለት ተከናንበን ቆምን።

"እነሱም እዚህ ቆመው አልቅሰዋል እኮ" አለኝ ቀስ ብሎ።

አባቱን የቀበረው ዓምና ነው። እጁን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ወደ መኪናው የተመለስነው ካፊያው ካባራ በኋላ ነው።