8 ከረጢት ሲሚንቶ የተረፈን ቀን

ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሳይት ኢንጂነር የሆንኩ ሰሞን ነው። የምድር ወለል ስላብ ልንሞላ ነው፤ 11 ሜትር በ5 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ። 10 ሴንቲውን 0.1 ሜትር አድርጌ ሳባዛው 5.5 ሜትር ኩብ መጣ። ለሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነበር የያዝነው፣ ስለዚህ 1,980 ኪሎ፣ 20 ኩንታል በለው፣ በባለ 50 ኪሎው ከረጢት 40። ሁለቴ አሰላሁት፣ ያው ነው።

ማታ ሙሌቱ ሲያልቅ 8 ከረጢት ተርፏል።

ፎርማኑ ፊቱ በራ። አልዋሽም፣ እኔም ደስ አለኝ። ጠጠር ስትሸከም የዋለች አንዲት የቀን ሠራተኛ እግሯን እየታጠበች «ኢንጂነር፣ ይሄ አዲሱ ሳጥን ግን ወገባችንን ቆረጠው እኮ» ባትለኝ በዚያው ደስታ ቤቴ እገባ ነበር።

የምን አዲስ ሳጥን?

ሄጄ ለካሁት። መለኪያ ሳጥናችን 50 በ40 በ20 ሴንቲ ነው፣ 40 ሊትር ይይዛል። አሮጌው ተሰባብሮ ኖሮ አናጺው ጠዋት ሌላ ሠርተዋል፣ ቁመቱ ግን 25። «ጋሼ፣ 20 አይደል እንዴ?» ብላቸው፣ «ጣውላው 25 ሆኖ መጣ፣ ለ5 ሴንቲ ብዬ ልሰንጥቀው?» አሉኝ። በእሳቸው ቤት ቁጠባ ነው። 5 ሴንቲ ሲሉት ምንም አይመስልም፣ የ20 ሩብ ነው እንጂ! ሳጥኑ 50 ሊትር ሆኗል። እኛ ለአንድ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር ነው የምንጨምረው፤ አሸዋና ጠጠሩ በሩብ ሲያድግ ሲሚንቶው ያው 50 ኪሎ ቀረ፣ 62.5 መሆን ሲገባው። በየዙሩ 12.5 ኪሎ ጎደለ፣ በ4 ዙር አንድ ከረጢት፣ በ32 ዙር ስምንት። ስቶር የተደረደረው «ትርፍ» ስላቡ ውስጥ የሌለው ሲሚንቶ ነበር። (ትምህርት ቤት እያለን የሳጥኑ ልክ ጥያቄው ላይ ተጽፎ ነበር የሚሰጠን፣ ማን ይለካዋል።)

ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ በማግስቱ ነገርኩት፣ አፌ እየደረቀ። ከዚያው ኮንክሪት ለፍተሻ የተሞላው ኪዩብ በ7 ቀኑ ሲሰበር ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ፣ ስላቡ ይነሳ ተባለ።

ለድጋሚው ሙሌት 8 ከረጢት ነበረን፣ 32 ደግሞ ገዛን። ሳጥኑን ጋሼ ራሳቸው ሰነጠቁት፣ ያቺን 5 ሴንቲ ቁራጭ ግን አልጣሏትም።