ዛፉን ሳልመዘግብ ጌኮውን ስቆጥር

በኪምቦዛ ደን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያካሄድኩት ቆጠራ ከሞላ ጎደል ዋጋ አልነበረውም። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ክልል፣ ከኡሉጉሩ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ወደሚገኘው ወደዚህ አነስተኛ ደን የሄድኩት ሊጎዳክቲለስ ዊሊያምሲ የተባለውን ብርቅዬ ድንክ ጌኮ (ትንሽ የእንሽላሊት ዓይነት) ለሚቆጥር ቡድን ረዳት ሆኜ ነበር። እያንዳንዱን ዛፍ ተጠግቼ ዓይኔ የገባውን ሰማያዊ ወንድ «አንድ» ብዬ እየጻፍኩ በፍጥነት አለፍኩ።

ስህተቴን ያሳየኝ መንገድ ይመራን የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። ከአንድ ዛፍ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለን በዝምታ ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ስጠጋ ወደ ቅጠሉ ጀርባ ዞረው ተደብቀው የነበሩ ሁለት አረንጓዴ ሴቶች ብቅ አሉ። ደማቁ ሰማያዊ ቀለም የአውራው ወንድ ነው፤ ግልገሎቹና ገና ግዛት ያልያዙት ወንዶች ግን ሴቶቹን ስለሚመስሉ ለቸኮለ ሰው ከቅጠሉ አይለዩም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች በዛፉ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ በባይኖኩላር እያየን፣ ለሁሉም ዛፍ እኩል ደቂቃ መስጠት ጀመርን።

ጌኮው የሚኖርበት ፓንዳነስ የተባለው ዛፍ ረጃጅም፣ ሰይፍ መሰል ቅጠሎች አሉት፤ ጠርዛቸው እሾሃም መሆኑን የተረዳሁት እጅጌዬ ከተቀደደ በኋላ ነው። አንድ ወንድ በቅጠሉ ላይ ቁልቁል ሲወርድ የጅራቱን ጫፍ እንደ አምስተኛ እግር እየለጠፈ ሲደገፍ አየሁ። የዚህ ወገን ጌኮዎች ከጣቶቻቸው ሌላ ከጅራታቸው ጫፍ ሥርም የሚያጣብቅ ንጣፍ አላቸው።

ሁለተኛው ስህተቴ የከፋ ነበር። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመዘገብኩት ጌኮ ያየሁባቸውን ዛፎች ብቻ ስለነበር፣ ማታ «ከስንት ዛፍ ውስጥ ነው?» ተብዬ ስጠየቅ መልስ አጣሁ። ባዶዎቹንና የተቆረጡትን ዛፎች ለመመዝገብ ሥራውን እንደገና ከመጀመር በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

የተቆረጡት ዛፎች ደግሞ ዋነኛው ማስረጃ ናቸው። ጌኮውን ለቤት እንስሳት ንግድ የሚይዙ ሰዎች ከፍ ያለው የቅጠል ጉንጉን አልደረስ ሲላቸው ዛፉን ይጥሉታል፤ እንስሳው ከነመኖሪያው ይጠፋል ማለት ነው። ከ2004 መጨረሻ እስከ 2009 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ አንድ የአዳኞች ቡድን ብቻ ከ32,000 የማያንሱ ጌኮዎችን ከኪምቦዛ እንዳወጣ ተገምቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2012 ዝርያውን እጅግ አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው መካከል መደበው፤ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት አንደኛ ዝርዝር ውስጥ ስለገባ፣ ከዱር የተያዘውን ከአገር ወደ አገር መነገድ ተከልክሏል። በእኔ አመለካከት ግን ክልከላው ብቻውን አይበቃም፤ ከውጭ የመጣው ሴድሬላ የተባለ ዛፍ በደኑ ውስጥ እየተስፋፋ ነውና፣ ፓንዳነስ ቦታ ካጣ ንግዱ ቢቆምም ጌኮው መጠጊያ አይኖረውም።

ሦስተኛውን ስህተት ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። ፎቶግራፎቹን ለወዳጆቼ ልልክ ስል ስልኬ በእያንዳንዱ ላይ የዛፉን ትክክለኛ መገኛ እንዳተመበት አስተዋልኩ፤ ምስሉ ለአዳኝ ቢደርስ መንገድ መሪ አያስፈልገውም ነበር። መረጃውን ከሁሉም ላይ አጠፋሁ፤ አሁን ደን ከመግባቴ በፊት የስልኩን መገኛ ጠቋሚ እዘጋለሁ።