ፈንግል ነው ወይስ የወፍ ጉንፋን? ገራዶ ላይ የተሳሳትኳቸው ነገሮች

«ዶክተር፣ ዶሮዎቹ እያለቁ ነው» የሚለው መልእክት የደረሰኝ ሚያዝያ 1998 መግቢያ ላይ፣ መውሊድ ባለፈ በሁለት ሦስት ቀኑ ነው። ዶክተር አልነበርኩም። በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ወሎ ውስጥ ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። መልእክተኛው ከገራዶ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ደሴ የመጣ ጎረምሳ ነበር። የሞተች ቄብ በፌስታል ይዟል። አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት።

በሌላ ዓመት ቢሆን «ፈንግል ነው፣ ቅበሯት» ብዬ እሸኘው ነበር። አገራችን ዶሮ በጅምላ ሲሞት ሌላ ስም የለውም፤ ፈንግል ነው። ያን ዓመት ግን ነገሩ እንደ ወትሮው አልነበረም። የካቲት ላይ ናይጄሪያ ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን እንደገባባት አስታውቃለች፣ በዚያው ወር ግብፅ ተከትላለች። እኛም አገር ጉብሬ ባለው የመንግሥት የዶሮ እርባታ ብዙ ጫጩት በማለቁ ጥርጣሬ ተነሥቶ ናሙናው ተመርምሯል፤ ነጻ ነው ተብሏል። ነጻ መባሉን ግን ማን ሰምቶ! ጥርጣሬው በሬዲዮ አገር ምድሩን አዳርሷል፤ የደሴ ሰው እንቁላል መግዛት እስኪፈራ ደርሶ ነበር።

ቄቧን በባዶ እጄ አወጣኋት። ምንቃሯን ከፈትኩ፣ ኩኩኔዋ መጥቆሩን አየሁ፣ ጅራቷ ሥር አረንጓዴ ተቅማጥ ደርቋል። ኃላፊዬ ሲሰሙ እየሮጡ መጡና መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዶሮዋ አልነበረም። «እጅህን ታጥበሃል?» አሉኝ። አልታጠብኩም። ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

በሕክምናው ኒውካስል የሚባለው ከባድ ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ኩኩኔ ያጠቁራሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ አንገት ያጣምማሉ፣ ወይም ምንም ምልክት ሳያሳዩ ማታ ቆጥ ላይ የወጣችውን ጠዋት መሬት ላይ ይጥላሉ። ልዩነቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው ያለው። ፈንግል ሰውን ቢነካ ዓይን ከማቅላት እምብዛም አያልፍም፤ ሌላው ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ እስኪጣራ ድረስ የከፋውን አስቦ መንቀሳቀስ ግድ ነው። እዚህ ላይ አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው አካሄዱ ላይ ነው።

በማግሥቱ አርብ አምስት ሆነን በአንድ ፒካፕ ወረድን። ነጭ ቱታ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ። በመመሪያው መሠረት ሁሉንም ለብሰን፣ ያውም ገና መኪናው ላይ እያለን። አንዲት ትንሽ ልጅ ስታየን «ጂኒ!» ብላ ስትሮጥ፣ ከኋላዋ መንደሩ በሙሉ ሮጠ ማለት ይቻላል። መልእክተኛውን የላኩት እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ስንት ዶሮ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«የለኝም» አሉኝ።

ይህን እንዳሉ ከጓዳ አውራ ዶሮ ጮኸ። ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን።

እሳቸውን አልፈርድባቸውም። ዶሮ በኛ አገር የእናት ገንዘብ ነው፤ በሬው የአባት፣ ዶሮዋ የእናት። ጨው፣ ጋዝ፣ የልጅ ደብተር ከእንቁላል ነው የሚወጣው። እኛ ደግሞ ፊታችንን ሸፍነን፣ ስማችንን ሳንናገር፣ «አትንኩ፣ አትሽጡ፣ አትብሉ፣ የሞተውን ቅበሩ» ብለን መጣን። ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሸህ በእርጋታ ጠየቁኝ፦ «ብንሸጥ ትቀጡናላችሁ። እሺ፣ ካልሸጥንስ ማን ይከፍለናል?» መልስ አልነበረኝም። «መንግሥት ያስብበታል» አልኩ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ጫማዬን አዩና «ኢንሻአላህ» አሉ። ያችን «ኢንሻአላህ» እስከ ዛሬ አልረሳትም።

በብዙ አገር የወፍ ጉንፋን መመሪያ ላይ ካሳ የሚባል ምዕራፍ የሚኖረው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም። ገበሬው ቶሎ እንዲናገር ነው። የሚከፈለው ከሌለ ዶሮው ሳይሞት ገበያ ይደርሳል፤ በሽታው በራሱ እግር ሳይሆን በሰው ቅርጫት ነው የሚጓዘው። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። በዓይኔ ያየሁት ግን ሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ ገበያ፣ ፋሲካ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ቅርጫት ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። ነጠላው ሲገለጥ አራት ዶሮ፤ አንደኛዋ አንገቷ ወደ ጀርባዋ ዞሮ ሰማይ ታያለች። ሰላሳ ብር ይጠራ የነበረው አውራ በ15 ብር እየተሸጠ ነበር። ከየት እንደመጣች ስጠይቃት «ከገራዶ» አለችኝ። አርብ ዕለት የለም የተባልነው ዶሮ ነው እንግዲህ። በነጭ ቱታችን አባረን ወደ ከተማ ያስገባነው እኛው ነን።

የናሙናው ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ይኸኛው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። ከስድስት ዶሮዎች ወሰድኩ፤ ከእያንዳንዷ አንድ የጥጥ እንጨት ከጉሮሮ፣ አንድ ደግሞ ከኋላ። ጥጡ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባና ጫፉ ተሰብሮ ይከደናል፤ ከዚያ በረዶ ያለበት ሳጥን። ቫይረስ ሙቀት አይወድም፣ እስከ ላቦራቶሪ መቀዝቀዝ አለበት። ይህን ሁሉ በትክክል አደረግሁ። የብልቃጦቹን ቁጥር ግን ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ነበር የለጠፍኩት። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ስንደርስ በረዶው ላብ አውጥቶ ወረቀቱ ተልጧል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። 12 ብልቃጥ፣ የየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ የማይታወቅ። የተቀበለኝ ባለሙያ ሳይቆጣ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ሰጠኝ። «እርሳስ አይለቅም» አለኝ። ቅዳሜ ተመልሼ እንደገና ወሰድኩ። ናሙናው ከኮምቦልቻ ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ሄደ። ዛሬም ድረስ ለተማሪዎች መጀመሪያ የማሳየው እርሳስና ፕላስተር ነው፤ ስለ ኤች5ኤን1 የማወራው ከዚያ በኋላ ነው።

በእነዚያ የጥበቃ ቀኖች አንድ ነገር ብቻ በትክክል የሠራሁ ይመስለኛል፤ እሱም ሳላስበው ነው። ቅዳሜ ስመለስ ፒካፑ ሌላ ቦታ ሄዶ ስለነበር በሚኒባስና በእግር ወረድኩ። ቱታውን በቦርሳ ይዣለሁ። እናትየዋ አጥሩ ጋ አገኙኝ፤ በተለመደ ልብሴ አላወቁኝም። ያገር ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ዘመድ እንዳለን ደረስንበት። ከዚያ ቱታውን ፊታቸው እያወጣሁ ለበስኩት። ይህ ለእርስዎ ሳይሆን ለኔ ነው፣ ካንዱ ቤት ኩስ በጫማዬ ይዤ ሌላው ቤት እንዳልገባ ነው አልኳቸው። ቦት ጫማዬን በበረኪና ውሃ ሳጥብ ቆመው አዩ። «ታዲያ አርብ ለምን እንዲህ አላላችሁም?» አሉኝና ጓዳ ገብተው የቀሩትን አምስት ዶሮዎች አመጡ።

የጠየቁኝ ጥያቄ ሁሉ የወጥ ጥያቄ ነበር። ፋሲካ ነዋ፤ እሳቸው ባይጾሙም ጎረቤቶቻቸው ይጾማሉ፣ ዶሮውን የሚገዟቸው እነሱ ናቸው። ይበላል ወይስ አይበላም? ቫይረሱ ከ70 ዲግሪ በላይ ተበስሎ አይተርፍም፤ የኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚያ በላይ ለሰዓታት ሲንተከተክ የሚውል ነው። አደጋው ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ከድስቱ በፊት ነው፦ ሲታረድ፣ ላባው ሲነጭ፣ ሲበለት። የታመመች ዶሮ ግን አትታረድም፣ ሳትሞት እንብላት አይባልም። ሕፃናት የሞተ ዶሮ አይንኩ። ዶሮዎቹ ማታ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድሩ። እጅ በሳሙና፤ የቫይረሱ ልባስ ስብ ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል። ኩሱ ሜዳ ላይ አይበተን፤ በብርድ ጊዜ ቫይረሱ ኩስ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እናትየዋ ይህን ሁሉ አዳምጠው ለጎረቤቶቻቸው ሲያስረዱ ከኔ የተሻለ አስረዱ። «ወጡን አትፍሩ፣ ላባውን ፍሩ» አሉ። ከሬዲዮው መልእክት ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች።

ውጤቱ ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ቀን መጣ። የወፍ ጉንፋን አይደለም፤ ፈንግል ነው። ቢሮ ውስጥ ተጨባበጥን። የምሥራቹን ራሴ ልንገር ብዬ ገራዶ ወረድኩ። እናትየዋ ገብስ እያበጠሩ ነበር። ነገርኳቸው። ሰፌዱን ሳያስቀምጡ «አሥራ አራት ነበሩ» አሉኝ። «አንዲት እናት ዶሮ ቀርታለች። ታዲያ አሁን ምን ልበል፣ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለኝ?»

እውነት ነው። ለእኛ «ነጻ» ማለት ፋይል መዘጋት ነበር። ለእሳቸው የወፍ ጉንፋንም ሆነ ፈንግል ቆጡ ባዶ ነው። ያውም ፈንግል ክትባት አለው፤ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። ላልመጣው በሽታ አምስት ሰው በቱታ ልከን፣ በየዓመቱ ለሚመጣው አንድ ብልቃጥ አልላክንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጥርጣሬ ጥሪ ሲመጣልኝ አሠራሬ ተቀይሯል። ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ አንድ አርቢ ንጋት ላይ ደወለልኝ፤ የአምስት ሳምንት ቄቦቹ በአንድ ሌሊት ዘጠኝ ሞተውበታል። መኪና ከመፈለጌ በፊት በስልክ የነገርኩት በሩን እንዲዘጋ፣ መኖ የሚያመጣውን መኪና ውጭ እንዲያቆም፣ ፍጉን ለማንም እንዳይሸጥ፣ ሠራተኞቹ ጫማ ቀይረው እንዲገቡና እንዲወጡ ነው። የካሳውን ጥያቄ ገና ሳይጠይቀኝ አነሣሁት፦ ቃል የምገባልህ ነገር የለም፣ ውጤቱ በሚደርስበት ቀን ግን ራሴ እደውልልሃለሁ አልኩት። «መንግሥት ያስብበታል» ዳግመኛ ከአፌ አልወጣም። ደግነቱ ጉምቦሮ የሚባለው፣ ሰው የማይነካ የጫጩት በሽታ ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ በኋላ ብዙ ሞቱበት፣ ነገር ግን አንዲትም ከግቢው አልወጣችም።

ገራዶ ግን የተመለስኩት በዓመቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ክትባት ይዤ። የፈንግል ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተሰናዳ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ከቆጥ ሳይወርድ ንጋት ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ማታውን ሸሁ ዘንድ አድሬ ጎህ ሲቀድ ከቤት ቤት ዞርን። ለእያንዳንዷ ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ፣ ዓይኗን እስክታርገበግብ መጠበቅ፣ ከዚያ መልቀቅ። እናትየዋ ክንፍ አጥፈው ይይዙልኛል፣ እኔ አንጠባጥባለሁ። ስንት ናቸው ስላቸው አሥራ አንድ አሉኝ። አሥራ አንዱን ጨርሼ ብልቃጤን ስከድን ቆም ብለው አዩኝ።

«ቆይ እስቲ» አሉና ጓዳ ገብተው ሁለት ተጨማሪ ይዘው ወጡ።