ቁልፉን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል?

ጥያቄው ቀላል ነበር። «የጠመንጃ ካዝናው ቁልፍ ያለበትን ቦታ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው አለ?» አሉኝ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት የተላኩት መርማሪ፣ ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ላይ ሳያነሡ። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ በመስተዋት ፊት የተለማመድሁትን መልስ፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ «ማንም የለም» ስል መለስሁ። ይህን ካልሁ ወር ከአሥር ቀን ሆኖኛል። ሳህን ሳጥብም፣ አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ሌሊት ከእንቅልፌ ስባንንም «ማንም የለም» የሚለው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል፤ ያን ጊዜ ብርድ ልብሴን እስከ ግንባሬ እስባለሁ።

ነገሩን የጀመረው እዚህ እንግሊዝ አገር አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ በግ ሲታረድ እግር ይዤ ዓይኔን ከመጨፈን ያለፈ ልምድ የለኝም። እርሱ ግን አንድ የግንቦት ሌሊት በ10 ሰዓት ቀስቅሶ፣ ዋላ ችግኙን እየቀረጠፈ ያስመረረው አንድ ገበሬ ማሳ ወሰደኝ። ጤዛው ላይ በደረታችን ተኝተን፣ ሮ ከሚባለው አነስተኛ የዋላ ዘር አንዱን ወንድ ሃያ ደቂቃ ያህል በመነጽር ተመለከትነው፤ በመጨረሻ ባልደረባዬ ሳይተኩስ ጠመንጃውን አንግቶ ተነሣ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ከእንስሳው በስተኋላ ጥይቱን ውጦ የሚያስቀር የአፈር ግድብ ስለሌለ ነው አለኝ። ተኩሶ ከሚጥል ሰው ይልቅ ሳይተኩስ የሚመለስ ሰው ልቤን ስለ ማረከው፣ በዚያው ሳምንት ማመልከቻ መሙላት ጀመርሁ።

ማመልከቻው ከአደኑ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ፈቃዱን የሚሰጠው ፖሊስ ሲሆን፣ ለምትጠይቀው ጠመንጃ በቂ ምክንያት፣ የምታድንበት መሬት ባለቤት ይሁንታ፣ ቢያንስ 2 ዓመት የሚያውቁህና የሥጋ ዘመድ ያልሆኑ 2 ምስክሮች፣ የሐኪም ማረጋገጫ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከ88 ፓውንድ ወደ 198 ፓውንድ ያሻቀበው ክፍያ ያስፈልግሃል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚገኘው ፈቃድ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው። ቀላሉ ነገር ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዙን ስፋት፣ መምረጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የዋላ ሕግ ለሮ ከ0.240 ኢንች ያነሰ ስለማይፈቅድ፣ እንደ ብዙው ጀማሪ 0.243 ብዬ ጻፍሁና አለፍሁ።

ከስሜና ከልደቴ ግን አላለፍሁም። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን ውስጥ እንደ ሁላችንም የአባቴን ስም አስገባሁ። ነፍሱን ይማርና፣ አባቴ በሕይወቱ ከዝንብ መምቻ በቀር መሣሪያ ጨብጦ የማያውቅ የሒሳብ መምህር ነበር፤ አሁን ግን የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ «ክቡር ሆይ፣ ስለ ጠየቁት ጠመንጃ» እያለ እርሱን በስሙ ይጠራዋል። የልደቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የተወለድሁት በእንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1982 መሆኑ ነው። ወደዚህ አገር እንደ መጣሁ የተመዘገብሁበት የሕክምና ጣቢያ ጸሐፊ ግን፣ ከክትባት ካርዴ ላይ 1/1/1975 የሚለውን እንዳለ ገልብጣ ጃኑዋሪ 1 ቀን አደረገችው። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስቀርብ 7 ዓመት ከ8 ወር አረጃለሁ። የጤና ማረጋገጫው ፖሊስ ዘንድ ሲደርስ ያመለከተ አንድ ሰው፣ የታከመ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ የዘመን አቆጣጠራችን 13 ወር እንዳለው፣ አዲስ ዓመት በመስከረም እንደሚብት በጽሑፍ ሳስረዳ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በስተመጨረሻ «ጃኑዋሪ 1 ቀን 1975 የአመልካቹ የልደት ቀን አለመሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤውን በክብር አስቀምጬዋለሁ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በዚህ መካከል እናቴ በስድስት ወር ቪዛ መጣች።

ስለ አደኑ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። «አጋዘን ነው?» ስትለኝ፣ የእኛው አጋዘን ሌላ መሆኑን፣ የዚህኛው ግን በመዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀው ዋላ መሆኑን፣ የወንዱም ቀንድ በየዓመቱ እየወለቀ እንደገና እንደሚበቅል ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና «ቀንዱ በየዓመቱ የሚወልቅ እንስሳ ጤነኛ አይደለም፤ እንዳትበላው» አለችኝ። ቀጥላም «ደግሞስ በጥይት የወደቀውን ማን ባርኮት ነው የሚበላው?» ስትል ጉዳዩን ዘጋችው። በእርሷ ቤት ጠመንጃው እንደማይመጣ ተወስኗል። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ዕቃ ቤት፣ ቤቱን ከሚያሞቀው ቦይለር አጠገብ፣ በአራት ብሎን ከግድግዳው ጋር ያጣበቅሁት፣ ቁመቱ ደረቴ የሚደርስ የብረት ካዝና ግን መጥቷል።

ሕጉ ቁልፉ ፈቃድ የሌለው ሰው እጅ እንዳይገባ ያዝዛል። ስለዚህ ገና ባልተሰጠኝ ፈቃድ፣ ገና ላልገዛሁት ጠመንጃ፣ ባዶ ካዝና እየጠበቅሁ ቁልፉን እንደ ሰላይ ማዟዟር ጀመርሁ። መጀመሪያ በክረምት ጫማዬ ውስጥ ደበቅሁት፤ እናቴ ጫማውን አጠበችው። ቀጥሎ በመጽሐፍ መካከል አኖርሁት፤ መደርደሪያውን ወለወለችው። ቦታ እየቀየርሁ ሳለሁ እርሷ ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጸዳች ከኋላ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። በመጨረሻ የትኛውም እንግሊዛዊ ሌባ ሊደርስበት በማይችል ስፍራ፣ በሽሮው ዕቃ ውስጥ፣ ከታች ቀበርሁት። ማንን እንደምሸሽ በቅጡ አለማሰቤን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ ሌባ ሽሮ አይሠራም፣ እናቴ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ትሠራለች።

መርማሪው የመጡ ዕለት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቡና አፈላች። የጡረተኛ ፖሊስ መልክ ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ፈንዲሻውን በሁለት ጣት አንድ አንድ እያነሡ፣ የት እንደማድን፣ ከማን ጋር እንደምማር፣ አልኮል ምን ያህል እንደምጠጣ ጠየቁኝ። ሁሉንም በደንብ መለስሁ። «ማንም የለም» ያልሁትም ያን ጊዜ ነው። «መልካም፤ እንግዲህ ካዝናውን ይክፈቱልኝና ልየው» አሉኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ሽሮው ውስጥ ከተትሁ። የለም። ዕቃውን ጋዜጣ ላይ ገለበጥሁት፤ የለም። የበሶውን፣ የምስሩንም ፈተሽሁ። ሳሎን ውስጥ አቦል አልቆ ቶና ተቀዳ። እስከ ቅንድቤ ሽሮ መስዬ ብቅ ስል መርማሪው ቀና ብለው አዩኝና ሰዓታቸውን ተመለከቱ። እናቴ በረካውን እየቀዳች፣ «ምን ጠፍቶህ ነው ማሙሽ?» አለችኝ። ምንም አልሁ። «ቁልፉን ከሆነ እኔ ዘንድ ነው» አለችና የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። «ሽሮ ውስጥ ወድቆ አግኝቼው ነው፤ የሰው ጥርስ ይሰብራል።»

መርማሪው አማርኛ አያውቁም፤ ከመቀነት የሚፈታ ቁልፍ ግን አስተርጓሚ አያሻውም። ወረቀታቸው ላይ አንድ መስመር ጻፉ፤ ጥቂት አሰቡና አሰመሩበት። ከዚያ «ማሙሽ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ማመልከቻው ላይ የምጠራባቸውን ሌሎች ስሞች እንድጽፍ ተጠይቄ «የለም» ብዬ ስለ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ካዝናውን ከፈትሁት።

የካዝናው ውስጠኛ ጀርባ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚደገፍበት፣ አምስት ቦታ የተሸነሸነ ጥቁር ስፖንጅ አለው። በአምስቱም ስንጥቅ መካከል ዱላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የእኔው የመጥረጊያ እንጨት ተቆርጦ መሆኑን ቆይቼ ነው የለየሁት። ከዱላ ወደ ዱላ ሲባጎ ተወጥሯል፤ በሲባጎው ላይ፣ በርበሬና ቅመም የተለወሰ፣ በቀጭኑ የተዘለዘለ፣ ጫፉ መጥቆር የጀመረ ሦስት ኪሎ የሚሆን ቋንጣ ተንጠልጥሏል። ለጥይት በተሠራችው፣ ለብቻዋ በምትቆለፈው ላይኛዋ ሣጥን ውስጥ አንድ ማሰሮ በርበሬ፣ ፓስፖርቷና የወርቅ መስቀሏ ተቀምጠዋል። የቦይለሩ ሙቀት ሥራውን በሚገባ ስለ ሠራ፣ በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ መርማሪውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሳቸው። ሦስት ጊዜ አስነጠሳቸው።

«ይማርዎ» አለች እናቴ። ወደ እኔም ዞራ፣ «በዚህ አገር እርጥበት ሌላ የት ይደርቃል? ደግሞ ባዶውን ነበር» አለችኝ።

መርማሪው ሳጥኑ ለምን እንደሚያገለግል እናቴ ታውቅ እንደ ሆነ እንድጠይቃት አዘዙኝ። ጠየቅኋት። «አባቴ ምንሽሩን ምሰሶው ላይ፣ ገቢ ወጪው እያየው ነበር የሚሰቅለው፤ የተደበቀ ጠመንጃ ማንን ያስፈራል ብለህ ነው? ንገራቸው» አለች። ለሰዎች ማስፈራሪያ ጠመንጃ እይዛለሁ ማለት በዚህ አገር ማመልከቻን በቀጥታ ወደ ቅርጫት የሚወረውር ምክንያት መሆኑን ስለማውቅ፣ «ለቅመም ነው የመሰላት» ብዬ ተረጎምሁ። በሙያዬ አስተርጓሚ ባለመሆኔ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ሰውየው ካዝናውን እያነቃነቁ ብሎኖቹን ፈተኑ፤ ጥብቅ ናቸው። ዱላዎቹን ቆጠሩ። ከዚያ ያችን እስከ አሁን የምታቃጥለኝን ነገር፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ፈገግታ ሳይታይ፣ ተናገሯት፤ «እንዳየሁት ከሆነ በዚህ ቤት ቁልፍ መጠበቅ የሚችል አንድ ሰው አለ፤ ያመለከተው ግን እርሱ አይደለም።» ሲወጡ እናቴ ቋንጣ በፌስታል ልትቋጥርላቸው ተነሣች፤ ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድላቸው በትሕትና ነግረዋት ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ በአባቴ ስም፣ ካዝናውን በቁጥር በሚከፈት እንድቀይርና በድጋሚ እንድፈተሽ ይጠይቃል። የወንዱ ሮ የአደን ወቅት ኦክቶበር 31 ቀን ይዘጋል፤ ቀጠሮው በ24 ነው፤ የእናቴ ቪዛ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ሌላ 240 ፓውንድ ከፍዬ ባለ ቁጥሩን ካዝና አስገጠምሁ። ደብዳቤው የምስጢር ቁጥሩ የልደት ቀኔ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ያን ጊዜ ነው በክብር ያስቀመጥሁት ሌላኛው ደብዳቤ ትዝ ያለኝ፤ ፖሊስ ራሱ በማኅተም የልደት ቀኔ እንዳልሆነ ያረጋገጠልኝ ቁጥር እያለ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? 010175 ብዬ ሞላሁና፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጠርሁ።

ትናንት ማታ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ ወርጄ ከፈትሁት። አምስቱ ስንጥቆች ባዶ ናቸው። ከላይ፣ በጥይቷ ሣጥን አናት ላይ፣ ያ ማሰሮ በርበሬ ተቀምጧል።